ሰባተኛ «ለ»

ሞጣ፣ ከገበያው ዳር፣ ከእንየው ጥገና ቤት፣
ሆዳቸው ከተዘረገፈ ሬዲዮኖች ፊት ለፊት፣
አንዲት ቴሌቪዥን ብቻ ደኅና ትሠራለች፤
ዛሬ አንተን ይዛለች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ» ትላለህ። ድምፅህ ወፍሯል።
ክራባትህ ሰማያዊ ነው፤ ግንባርህ ሰፍቷል።
እኔ እንዳየኸኝ ነኝ፣ ጥርሴን ካልቆጠርከው፤
ቀዩ እስክሪብቶ ዛሬም ከደረት ኪሴ ነው።
ጡረታ ከወጣሁ ደብተር አላረምኩም፣
ልማድ ግን አይለቅም።

አንዲት የምክር ቤት አባል መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች፤
«ጥያቄዬ ሁለት ነው» አለች።
«አንደኛው፣ ከጎረቤት ጋር ድንበሩ እንዴት ነው?
ሁለተኛው ደግሞ፣ ለእኔ የሚብሰው፣
ከሞጣ የተነሣው አውቶቡስ፣ ዓርብ ጧት የወጣው፣
ሠላሳ አራት ሰው ይዞ የት ነው የገባው?»

ቤቱ ጸጥ አለ።
እንየው የሚበይድበትን ካውያ ከሶኬት ነቀለ።
ውዴ፣ ከደጅ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ የእኅቷን ልጅ ዓርብ ያሳፈረችው፣
ሚዛኗን እንዳንጠለጠለች ገባች፤ አንዱ ወገን ሽንኩርት፣ ሌላው ባዶ ነው።

አንተም መለስክ፦
«ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ላመሰግን እወዳለሁ፤
ከሰፊው ሥዕል አንጻር ግን ለማየት እሞክራለሁ።
ቀጣናው ተለዋዋጭ ነው፣ ጎረቤት አይመረጥም፤
ወንዛችን መንገደኛ ነው፣ ቆሞ አይጠብቅም።
ከጣና ይነሣል፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራል፣
ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በምድራችን ይሄዳል…»

እጄ ሳላዘው እስክሪብቶውን አወጣ።
የሻይ ቅጠል ካርቶን ሳብኩና፣ «ከጥያቄው ወጣ»
ብዬ ልጽፍ ነበር፤ የድሮ ማረሚያዬን፣
ዜሮ የማስከትልበትን።
«ከጥያቄው» ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።
ያ መቀነት። ያ ስምንት መቶ።
ከየት ነው የማውቀው?

ሰባተኛ «ለ»። ከመስኮቱ ሦስተኛው ወንበር።
ቁምጣ፣ የተላጨ ራስ፣ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ደብተር።
እናትህ «ይርሳው» ያሉህ፣ ከአንተ በፊት የተቀበረውን አባትህ ይርሳው ብለው፤
ከክፍሉ ሁሉ አንተ ነበርክ ምንም የማትረሳው።
ማክሰኞ ጧት ነው። እጅህን አወጣህ፤
«ጋሼ፣ የሒሳቡ አስተማሪ፣ ጋሼ አግደው፣ የት ሄዱ?» አልህ።
ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።
ከበሩ ውጭ የአንድ ሰው ጥላ፣ የጠመንጃ አፍ ጥላ ነበረ።
ወደ ካርታው ዞርኩ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው ይርሳው። የዛሬው ትምህርት ግን ዓባይ ነው።
ከጣና ይነሣል፣ ጎጃምን እንደ መቀነት የሚዞረው።
ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር። ጻፉ።»
ጻፋችሁ። አንተም ጻፍክ፣ አንገትህን ደፍተህ፤
ፈተናው ላይም መጣ፣
አሥር ከአሥር ሰጠሁህ።

መብራት ጠፋ። አፍህ እንደተከፈተ ተጨመቅህ፤
አንዲት ነጭ ነጥብ ሆንህ፣ ከዚያም የለህም።
ውዴ በጨለማ፦ «ምን አለ? አውቶቡሱን ምን አለ?»
ያን ሁሉ ዓይን አላየሁትም፤ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አስተማሪ ነኛ።

«አልመለሰም» አልኳት። «የጠየቁትን አልመለሰም።»
ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ካርታ አልፈለግሁም።

አንተም ስማኝ፣ ከሰማህ፣ ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ፦
አግደውን ሰኞ ማታ ወሰዱት፣ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ፣
በአረንጓዴ ላንድሮቨር። አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም።
ስሜን ጠርቶ ነበር።
መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያን ዕለት የጠየቅኸው ይህንን ነው።
ቀዩን እስክሪብቶ እንየው ጋ አስቀምጬዋለሁ፤
መንገዱ ከተከፈተልህ
መጥተህ አርመኝ።