በሜትር

ፎርሙ አንድ ገጽ ነው፣ ባዶ አምስት መስመር፣
ከአንድ እስከ አምስት ድረስ የሚሞላ በቁጥር።
ደብረ ማርቆስ ካፊያ፣ የሬጅስትራር መስኮት፣
ሰልፉ ከኋላዬ፣ ማብቂያው ስድስት ሰዓት።
ሶፍትዌር፣ ነርሲንግ፣ ሲቪል ምህንድስና፣
እንየው አምስቱንም ባንድ ትንፋሽ ሞላና
«አንቺስ?» አለኝ፣ ፎርሜን አየና።

እኔ የምፈልገው ከዝርዝሩ የለም፤
አለ ቢሉኝ እንኳን አንድ ቦታ አይደለም።
እንደ ፋሲካ በሬ ለቅርጫ ታርዶ፣
ብልት ብልቱ ወጥቶ፣ ከቅጠል ላይ ወርዶ፣
ሽንጡን ታሪክ ወስዶ፣
ታፋውን ጂኦሎጂ፣ አጥንቱን ባዮሎጂ፣
ጉበቱን ኬሚስትሪ።
ዕጣ ጣዪ ቢሉኝ የቱ መደብ ይውጣ?
እኔ ማየት የምሻው በሬውን ነው፣
ቆሞ፣ ከነነፍሱ፣ ውሃ ሲጠጣ።

«ድንጋይ ከፈለግሽ ይኸው ጂኦሎጂ፤
ንጉሥ ከፈለግሽ ማኅበራዊ ሂጂ»
አሉኝ ወይዘሮ ጥሩዘር፣ በመነጽራቸው አናት አይተው፣
የሌላውን ልጅ ፎርም ማህተም መትተው።

ድንጋይም ንጉሥም አይደለም።
የምፈልገው ሰው ስሙ አልተጻፈም፣
ዘውድም አልደፋ፣ ሐውልትም አልተከለም፤
አንድ ማታ በረደውና እሳት አነደደ፣
ይኸው ነው ታሪኩ።
ወይራ ነው? ጽድ ነው? ምን ጣደ? ስንት ሆነው ሞቁ?

አባቴ ደምለው ጉድጓድ ይቆፍራል፣
ቢቸና ዙሪያውን ውሃ ያወጣል፤
ውሉም በሜትር ነው፣ ያልወረደ ይጾማል።
አንድ በጋ እኔ ነበርኩ ገመድ ሳቢው።
ዋልካው ሁለት ሜትር፣ ከሥሩ ቀይ አፈር፣
ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣
ከዚያ፣ አራት ሜትር ከስንዝር ላይ፣
ባልዲው አመድ ይዞ፣ ገል ይዞ፣ ከሰል ይዞ ወጣ።
«ድፊው!» አለኝ ከታች፣ ድምፁ እንደ ማሰሮ፣ «ቶሎ በይ፣ ሌላ ይምጣ!»
ደፋሁት። ከሰሏን ብቻ በደብተር ወረቀት ጠቀለልኳት።

መምህር ይበልጣል ፊዚክስ ሲያስተምረን
«ከሰል ይረሳል» አለን።
«አምስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ሲሞላው
ከሚያውቀው ግማሹን፤
ያን ያህል ደግሞ ሲቆይ፣ የግማሹን ግማሹን።
የረሳውን ቆጥረን ዕድሜውን እንደርስበታለን።»
ወረቀቴን ፈትቼ ባሳየው ደንግጦ
«በእጅሽ ነካሽው? ከየትኛው ንብርብር ነው? ማን ለካው?»
መልስ አልነበረኝም።
ለካ ዘመኑን እዚያው ጥዬው ኖሯል፣
ከአፈሩ ጋር ደፍቼው።

ትናንት ማታ ደወልኩ።
«አባዬ፣ የምማረው… መቆፈር ነው» አልኩት፣
«በቀስታ። በማንኪያ፣ በብሩሽ።»
ሳቀ መጀመሪያ። ኋላ ዝም አለ።
«እኔ የቆፈርኩት» አለኝ፣ «አንቺ እንዳትቆፍሪ አልነበር?»
ስልኩ ውስጥ ዝናብ ይሰማል፤
የእሱ ይሁን የእኔ አላውቅም።

አሁን፣ ሰልፉ ላይ፣ ራሱ ደወለ።
«ሞላሽው?»
«አልሞላሁም።»
«ስሚ፤ እነ አያ ላቀው ጓሮ ሦስት ሜትር ስወርድ አመድ አገኘሁ።
ከትናንት በስቲያ ነው። ቆሜያለሁ። በጆንያ ሸፍኜዋለሁ።
ባለቤቱ ሰነፍ ይለኛል፤ ይበል።
በእጄ አልነካሁትም። በገመድ ለክቼ ቋጠሮ አስሬበታለሁ።»

ከትናንት በስቲያ!
ማታ ሲስቅብኝም ጆንያው ከአመዱ ላይ ነበር።

ቁጥር አንድ ላይ ጂኦሎጂ ብዬ ጻፍኩ።
ከታፋው ልጀምር፤ ሌላውን መደብ ከየደጁ ለምኜ።
«ስንት ዓመት ነው?» አለኝ።
«አራት።»
«አራት» አለ፣ ገመድ እንደሚለካ ሰው።
«ከስንዝር?»