ሳህን የተጠቀለለበት

ሳህን ሻጭ ነኝ እኔ፣ ታይዋን ገበያ፣
ከጫማው ተራ አልፎ፣ ከሽቶው ወዲያ።
ኳስ አላውቅም አቦ፤ ጎልና ቅጣቱ
ለኔ አንድ ናቸው፤ ጩኸት ነው ምልክቱ።
ግን የአንድ ሰው ዕድሜ በእጄ ላይ አልፏል፣
ሳህን ተጠቅልሎ፣ ተጨማዶ፣ ታጥፏል።

ሚስባህ ነው ስሙ፤ በሰፈር ግን ሚስማር፤
ለባቡር ጥገና፣ ለሠራተኛው መንደር
በግራ መስመር ላይ ተመላላሽ ነበር።
ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የለመደ እግሩ
ሣር ሲረግጥ ይሰንፋል፤ ይህ ነበር ችግሩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ለአገር ተጠርቷል፤
ከአማቹ ሻንጣ ተውሶ በርሯል።
ኩዋላ ላምፑር ይላል፤ የሩቅ የሩቅ ቦታ፣
ዝናብ ሳያንኳኳ የሚገባ ማታ።

አስራ አንድ ደቂቃ።
ያ ነው ለአገር የሮጠው፤ ከዚያ ወዲህ በቃ።

በርሱ በኩል ደግሞ አስራ አራት ቁጥር፣
ቢጫና ጥቁሩን የለበሰ ነብር።
አንዴ በቀኝ አለፈው፣ አንዴ በእግሩ መሀል፤
«ሦስተኛውን አላየሁም፤ ነፋሱን ነው የሰማሁት» ይላል።
ፊሽካው ሲነፋ ግን ልጁ ራሱ መጣ፤
ውሃ የጠጣ መለያ በራሱ ላይ ስቦ አወጣ፤
«ሰላም» አለው፤ ሌላ የጋራ ቃል አጣ።

ያ መለያ ዛሬም ገንደ ቆሬ፣ ጋራዡ ውስጥ አለ፤
አራቷ ተላጠች፣ አንዷ ብቻ ቀረች፤ በረኛ መሰለ።

አንድ ረቡዕ ታዲያ ካርቶን ስተረትር
ጎድጓዳ ሳህን ላይ አየሁት ያን ነብር።
ያገሩ ጋዜጣ ነው፤ ቋንቋውን አናውቅም፤
ቁጥር ግን ቁጥር ነው፤ ከቶ አይተረጎምም፤
ሁለት ለአንድ ይላል። ከጎኑ ስሙ፣ ረጅም።
ሚስባህ መፍቻ ጥሎ መጣ ከነግሪሱ፤
«እሱ ነው» አለ፤ ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ «እሱ»።

ከዚያ ወዲህ ካርቶን የምፈታው ለሱ ነው።
ካርቶን ዓመት አያውቅም፤ እንደመጣለት ነው።
በሐምሌው ዕቃ ውስጥ ሸብቶ ነው የመጣ፣
ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ ሆዱም ትንሽ ወጣ፤
በኅዳሩ ደግሞ ጢም ገና ሳያበቅል፣
ቀይ ለብሶ ዋንጫ እንደ ሕፃን ሲያዝል፤
ጥር ላይ ጉልበቱ በፋሻ ታስሮ፣
ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ፊቱን አዙሮ።
ያን ቀን ሚስባህ ባጃጅ አልነካም፤ ዋለ ከጫቱ ጋር፣
አንዲት ቅጠል ሳይቀጥፍ፣ እያየ ያንን ነገር።

ሦስት ክለብ ቆጠርን፤ ምናልባትም አራት
(አንደኛው መለያ ሻይ ፈስሶበት)።
ለአገሩ ስንት ጊዜ? ቁጥሩ ተቀዷል፤
ሰባት ይሁን ሰባ፣ የሳህኑ ጠርዝ በልቷል።
«ሰባ ነው» አለ ሚስባህ። ሰባ ነው አልን፤ ጸደቀ።
«የኔን አስራ አንድ ደቂቃስ ማን ሳህን ጠቀለለበት?»
ይላል ብዬ ጠበቅሁ።
አላለም። ዋጋ ጠየቀ።

አሁን አሁን ዕቃው ላስቲክ ለብሶ ይመጣል፣
አየር የቋጠረ፤ ልጆቹ ሲጫኑት ጣ ጣ ይላል፤
ወሬ የለበትም።
ሚስባህ ግን ይመጣል፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ንዳዱ ሲበርድ፤
ኒሙ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ካርቶን ሳወርድ።
አይጠይቅም። እኔም ቀና አልልም።

ትናንት ከካርቶኑ ወለል፣ ከሥር፣ የተጣበቀች፣
አንዲት ቁራጭ ወረቀት በጥፍሬ ወጣች፤
ሰው የለባትም። ደመና ተስሎባት፣ ከሥሩም ጠብታ።
ሰጠሁት። አየና፣ አጥፎ ኪሱ ከተታት።
«ዝናብ ነው» አለ፤ «እዚያ መቼም፣ ማታ ማታ።»