ጠ በሁለት ሌንስ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፍንጫዬን ተደግፈው፣
ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ሳያየው፣
ማክሰኞ፣ ሬሆቮት ገበያ፣ ከጭነት መኪና
የሮማን ካርቶን ሳወርድ ላቤ አንሸራተተና
ወደቀ መነጽሬ፤ መሐሉ ተሰበረ፣
ግራና ቀኝ ሆኖ በየኪሴ አደረ።

«ጣለው» አለኝ ባለሱቁ። ሞሪያ ግን «ስጠኝ» አለች፤
ለእሑዱ ባግሩት ሁለት ሌንስ ፈለገች።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» «አምስት፤ ሁለቱም አምስት።»
«መቶ ለአምስት ሲካፈል ሃያ።
የትኩረት ርቀታቸው ሃያ ሳንቲ ሜትር» ብላ ጻፈች።
የዓይኔ ድካም በማስመሪያ እንደሚለካ
አላውቅም ነበር ለካ።

አንዱን በታኘከ ማስቲካ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፤
ሌላውን አርባ ሳንቲ ሜትር አርቃ
ከኋላው አሰለፈችው።
ትከሻ ለትከሻ የኖሩት
ገና ዛሬ ተያዩ።

«ዕቃ እንፈልግ አባ፣ ራስና እግር ያለው፣
ሲገለበጥ መገልበጡ የሚታወቅ።»
ከወተት ካርቶን ላይ፣ ያለ መነጽር፣ በዳሰሳ፣
ጠን ቆረጥኩላት።
የስሜ መጀመሪያ። ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣
ሦስት እግሮቹ ወደ ታች።
ፊደሉን አታውቀውም፤ «ማበጠሪያ» አለችው።
ማበጠሪያውን ከፊተኛው ሌንስ ሠላሳ አርቄ
አምፖል ፊት ገተርኩት።

«አንድ ሃያኛ ሲቀነስ አንድ ሠላሳኛ
አንድ ስድሳኛ።
ምስሉ ስድሳ ላይ ነው፤ ተገልብጦ፣ እጥፍ ሆኖ፤ አራት ሳንቲ ሜትር።»
«ስድሳ ላይማ እንዴት ይሆናል?» አልኩ፣
«ሁለተኛው አርባ ላይ ቆሞበት?»
እርሳሷን ነከሰች።
«ስድሳ አይደርስም፣ አባ። ሊደርስ ሲል ይያዛል፣ ሃያ ሲቀረው።
ያልደረሰው ምስል ግን
ለሁለተኛው እንደ ዕቃ ይቆጠርለታል።
ከኋላው ስለሆነ፣ ማይነስ ሃያ።»

ማይነስ ሃያ።
ያልደረሰ ነገር ቁጥር እንዳለው ማን ነግሮኝ?
እዚህ አገር ስገባ መዝጋቢዋ ስሜን ጠየቀችኝ።
ጠጋቤ፣ አልኳት።
ጠ ሊፈነዳ ሲል ምላሷ ላይ ተያዘ፣
ለዘብ ብሎ ተ ሆኖ ወረደ።
ተጋቤ።
ሃያ ስድስት ዓመት በተ ተጠራሁ፤
የቀረውን የቆጠረልኝ የለም።

እሷ ቀጥላለች። «አንድ ሃያኛ ሲደመር አንድ ሃያኛ፣ አንድ ዐሥረኛ።
ከኋለኛው ሌንስ ዐሥር ሳንቲ ሜትር አልፎ ይሳላል።
የፊተኛው እጥፍ አድርጎታል፣ የኋለኛው ግማሽ ያደርገዋል፤
ማይነስ አንድ።
መጠኑ እንደነበረው ነው፤ ቁልቁል ብቻ።»

የክፍሉን መብራት አጠፋሁ።
የመብራት ሂሳብ የመጣበትን ፖስታ ይዛ
ዐሥር ላይ ፈለገችው። የለም።
ወደ ኋላ፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጠራ።
«መነጽርህ አምስት አይደለም!» ሳቋ አመለጣት።
«አራት ከሰባ አምስት ነው። ባለመነጽሩ ሩብ ሰርቆሃል!»

እኔ ከቅርብ አላይም፤
ከጠረጴዛው ማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፌ አየሁት፦
ከብርሃን የተቆረጠ፣
ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ለጥቂት የጎደለ፣
ሦስት እግሮቹን ወደ ሰማይ የሰቀለ።
«ያው ማበጠሪያው ነው» አለች።
እኔ ግን አነበብኩት።
ጠ ሆኖ ገባ፣
መንገድ ላይ ተያዘ፣
ንጉሡ ሠ ሆኖ ወጣ።

«ምን ይላል?» አለችኝ፤ ዝም ብዬ ሳይ አይታኝ ኖሯል።
ስሜን ይላል ብል ውሸት፤
ስሜን አይልም ብልም ውሸት።
«ማይነስ አንድ» አልኳት።

መነጽሩን ዓርብ ጠዋት አስበየድኩት፤
ማስቲካው ግን ከግራው ጠርዝ
እስካሁን አልለቀቀም።