ከአርባ እስከ ዘጠና

አሞራ ገደል ዳር ሀሜሶ መረቡን እየቋጠረ፣
«ሐይቁ ሳይደርቅ» አለኝ፣ «ዓሣው መች ተቆጠረ?»
የኔ እንጀራ ግን ይኸው ነው፤
ሊመረመሩ ከመጡት ያልመጡትን መገመት፣
ከውጤቱ ቀን ተነስቶ የተያዙበትን ዓመት።

ሞዴሉ ሌሊቱን ሲያሰላ አደረ፤
ቫይረሱ ዘንድሮ የያዛቸው ከአርባ እስከ ዘጠና፣
መሀሉ ስልሳ ሦስት ነጥብ አራት።
ነጥብ አራት ሰው ምንድነው? ይበላል ወይ ራት?

ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች፣ ከፓርኩ የሌሊት ፈረቃ፣
ፀጉሯ ላይ የክር ብናኝ፤
ወረቀቷን ሁለቴ አነበበች፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደርቃ።
አርባው ውስጥ ነበረች? ዘጠናው ውስጥ? ቀመሩ አያውቃትም።
እሷ ሙሉ አንድ ናት፤ ነጥብ የላትም።

አለቃዬ ሪፖርቱን አይቶ፣ «ነጥብ አራቷን አጠጋጋት» አለኝ።

ወደ ማን?