ሁለት ድስት

ሥጋ ሻጩ ጌጡ ቢላዋውን ስሎ፣
«ለጥብስ ነው?» አለኝ፣ ሽንጡን ከመንጠቆ ነቅሎ።
«ወርች ስጠኝ» አልኩት፣ «ጅማት የበዛበት፣
ብዙ ያረሰ በሬ፣ ከሰል የሚያልቅበት።»
ሳቀ። ደመወዝ የወጣ ዕለት ዳቶ ሰፈር ሙሉ
«ለስለስ ያለ» ይላሉ፤
እኔ ግን ግትሩን፣ ደረቁን ፈልጌ
ግማሽ ኪሎ ይዤ ወጣሁ፣ ከሻርፔ ሥር ሸሽጌ።

ያስተማረችኝ ሱላስትሪ ናት፣ የመስመር ሰባት ተቆጣጣሪ፣
ከጃቫ የመጣች፣ አጭር፣ ስፌት ስታይ እንደ ወፍ ተጠራጣሪ።
አማርኛዋ አራት ቃል ነው፦ «ቶሎ»፣ «ፍቺው»፣ «ጥሩ»፣ «በቃ»፤
የቀረውን በጣት ጠቁማ፣ ካልገባኝ ደግሞ ስቃ።
«ፍቺው»ን እጠላት ነበር።
እጅጌው ዘመም ካለ፣ መርፌው አንድ እርምጃ ከዘለለ፣
«ፍቺው» ትላለች ከጀርባዬ፤ የሰዓቱ ቁጥሬ ጎደለ።

አንድ እሁድ ሐዋሳ ገበያ ወረድን፣ ቅመም ፍለጋ፣ እኔና እሷ።
እርዱ ቢጫ አደረገው ጣቷን፣ ድንብላሉ ፈሰሰ በቀሚሷ።
ጠጅ ሣር ስታይ ግን ዝም አለች፤ ሻጯ ለሻይ ነው ያሰረችው፣
እሷ ነጩን ከሥሩ ቆርጣ፣ በድንጋይ ቀጥቅጣ፣ ከአፍንጫዬ ሥር አመጣችው፤
አገሯን ያሸተትኩ መሰለኝ።
ኮኮናት በቆርቆሮ አንድ ሱቅ ነበር፣ ዋጋው የሦስት ቀን ሥራዬ፤
አገላብጣ አይታ፣ «በቃ» ብላ መለሰችው። ለውዝ ወቀጥን በሙቀጫዬ።

ሥጋው ላይ ስንደርስ መንገዳችን ተከፈለ፤
የእሷ ልኳንዳ ጨረቃ፣ የእኔው በር ላይ መስቀል አለ።
ማንም አላፈረም። ሁለት ፌስታል፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፤
ቅመሙ ግን አንድ፣ ለሁለት የገባ፣ እኩል ማንኪያ፣ ሦስት ሦስት።

ሥጋው ፈላ፣ ፈላ፤ ታቦር ተራራ ጠቆረ፣
የአከራዬ ቴሌቪዥን ዜናውን ጨርሶ ድራማ ጀመረ።
ቆጣሪው የአከራይ ስለሆነ በከሰል ነው የምንሠራው፤
አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ፣ በካርቶን ክዳን ማራገብ ነው ተራው።
ጅማቱ ሲለቅ ትሪ ላይ አወጣችና ትኩሱን
«ፍቺው» አለችኝ፣ ዝግ ብላ፤ ያንኑ ቃል፣ ያንን ራሱን።
ቀኑን ሙሉ ክር ከክር፣ ኮሌታ ከአንገት ሲያጋጥም
የዋለ ጣቴ፣ ሥጋ ሲተረትር አመሸ፤ ቢያቃጥለውም አላቆም።

ከዚያ በዘይት፣ በዝግታ፤ ስኳር ጣል፣ ሮቃ ጠብ፤
ማማሰል ነው፣ ክንድ እስኪዝል፣ ከዳር ወደ መሀል ማሰባሰብ።
እናቴ ሥጋን ዘልዝላ ነፋስ ላይ ነበር የምትሰቅለው፤
ሱላስትሪ ግን ያንን ነፋስ ድስት ውስጥ ነው የምትፈልገው።
ያለ ፍሪጅ ወር እንደሚቆይ በጣቶቿ ቆጥራ ነገረችኝ።
በላን፤ እሷ ከእሷ፣ እኔ ከእኔ።
የእኔን ሳትቀምስ፣ በሽታው ብቻ፣ «ጥሩ» አለችኝ።

በግንቦት ትእዛዝ ቀረ። መስመር ሰባት ተሸፈነ በላስቲክ።
እሷም ሄደች፣ ሻንጣዋን አስራ በመስመር ሰባት ኤላስቲክ።
ድስቷን ለእኔ ተወች። የእኔን ሥጋ ግን አልቀቀልኩበትም፤
አጥቤ ከአልጋ ሥር ደፋሁት፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ግን አልነካሁትም።

ዛሬ ማታ ጌጡ የሳቀበትን ወርች ጥጄ
ቅመሙን ስወቅጥ፣ ለካ ለሁለት ድስት ወቅጧል እጄ።

ጎረቤቴ ሉባባ በሩን ገፋ አደረገች፣ ሕፃኗን አዝላ፣
«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ብላ።
ድስቱን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፤ የተረፈውን ቅመም በብርጭቆ ሰጠኋት።
«ሥጋውን ከራስሽ ልኳንዳ» አልኳት፣
«ወርች ስጠኝ በይው። ቢስቅብሽም ዝም በይ።
ሲለሰልስ፣ በትኩሱ፣
ፍቺው።»