የወርዶፋ ፊት

ባጃጁ ከታች ነው የሚያወርድሽ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ደጅ፣
ከዚያ ወዲያ ያለው ለእግር ነው እንጂ ለጎማ አይበጅ።
ተራራ አትበሉት፤ ጉብታ ነው፣ ወገቡን በቤት የታጠቀ፣
ሐዲዱ ዝጎ፣ ባቡሩ ቀርቶ፣ ሰፈሩ ግን ያልለቀቀ።

ጉልበቴ ሲይዘኝ እቆማለሁ፤ ሰበብ ነው ለመቆም፣
ቸኩሎ የወጣ ዳገቱን እንጂ ሰፈሩን አያውቅም።

በስተግራ የቱፋ ሥጋ ቤት፤ በሬው ከነቀንዱ ይስቃል፣
ምን እንደሚጠብቀው አልነገሩትም፣ ወይ ደግሞ ከኛ በላይ ያውቃል።
ቀጥሎ የሽኩር ልብስ ስፌት፤ መቀሱ ከሰውየው ይረዝማል፣
ሰውየው አርባ ዓመት ክራቫት አስሮ፣ አንድም ቀን ሳይቀመጥ ይቆማል።

ዳቦ ቤቱ ላይ «አዳማ» ይላል፤ ቀለሙ የተላጠ ጊዜ
«ናዝሬት» ከሥር ብቅ ትላለች፣ ሳታኮርፍ፣ እንደ ድሮ ስም በኑዛዜ።
ከሷም ሥር ሌላ «አዳማ» አለ ይላሉ፤ ፍቄ አላየሁም፣
የሰው ግድግዳ ነው፤ ጥፍሬን አልሰድም።

የሙሴ ስታቭሮስ ሰገነት ዛሬም ወደ መንገዱ ዘሟል፣
ግሪኩ ከሄደ ቆየ፤ ሰባት ቤተሰብ ልብሱን አስጥቶበታል።
ከውስጥ አንድ ሰው አኮርዲዮን ይለማመዳል፤ ያቺው ሦስት ኖታ፣
አራተኛው ላይ ሲደርስ ይስታል፤ እኔም አብሬው እስታለሁ ለአፍታ።

እዚህ ነፋሱ ባለ ርስት ነው፤ አቧራ አዝሎ ከቤት ቤት ይዞራል፣
በሰፈሩ ሥራ ፈት፣ ማዶ ሸንተረሩ ላይ ግን ነጫጭ ክንፍ ይዘውራል።

ጸጉር ቤቱ በር ላይ አራት ራስ አለ፤ አፍሮ፣ ሙልጭ፣ ጉድድ፣ ጎፈሬ፣
ስንት ዓመት አልፌያቸዋለሁ፤ የታየኝ ግን ዛሬ።
ያው ዓይን ነው። ያው ወደ ግራ ዘመም ያለ አፍንጫ፣
ያው የቅንድብ ጠባሳ፣ በስህተት ሳይሆን በምርጫ።
መድኃኒት ቤቷ ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገች ነርስ፣
ፎቶ ቤቱ ላይ ሙሽራ፣ ላልቅስ ብላ የማታለቅስ፣
ሁሉም ያው። ተመልሼ ወረድኩ ወደ በሬው፣ ጉልበቴን ረስቼ፤
እሱም ጠባሳ አለው! ሳቅሁ፣ መሐል መንገድ ላይ አፌን ከፍቼ።

ጉብታው አናት ላይ፣ ከግራሯ ሥር፣ ወርዶፋ ተቀምጧል፣
የብሩሽ እጀታ እንደ መፋቂያ በጥርሱ ይዟል።
ዓይኑ ላይ ደመና አለ፤ ሰውን በእርምጃው ይለያል፤
«ጉልበትሽ ብሷል» አለኝ፣ ሰላም ሳይል፣ «ቀኙ ይጎተታል።»

«ጋሼ» አልኩት፣ «የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የማን ልጅ ነው?»
ዝም አለ። ነፋሱ ቆቡን ጣለበት፤ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።
«ተቀምጦ የሚሳልልኝ አልነበረም፤ ሥራ ያለው ሰው መቼ ይቀመጣል?
የተሰበረች መስታወት ነበረችኝ፤ ከሷ ውስጥ ሌላ ፊት ከየት ይመጣል?»

«ሙሽራዋስ?»
«ቬሎ ጨመርኩላት።»
«በሬውስ?»
«ቀንድ» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ እጁ ፊቱ ላይ አረፈ፣
አፍንጫውን፣ ጠባሳውን፣ በጣቱ ቀስ ብሎ ጻፈ።
«አሁን መስታወቷ ጨልማለች። ማርጀቴን ያየሁበት የለም፤
ስትወርጂ ጸጉር ቤቱ ጋ እዪኝ እስቲ፤ ገርጥቻለሁ ወይስ አልገረጣሁም?»

ስወርድ ፀሐይ ከጀርባዬ ነበረች፤ ጥላዬ ቀድሞኝ ደረሰ፣
መሰላል ላይ ያለ ልጅ ባነር ይወጥራል፤ አፍሮው እስከ ቅንድቡ ለበሰ።
የማተሚያ ቤት ፊት ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ጠባሳ የለው፣ ዘመድ የለው፣
«ማነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ» አለኝ፣ «ከስልክ ላይ ነው ያወረድነው።»

ዞሬ ዳገቱን አየሁት።
ጉልበቴ አይሆንም አለ።
ነገ እወጣለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ በየግድግዳው እየቆምኩ፤
«ገርጥተሃል፣ ግን አለህ» እለዋለሁ፤
«ጸጉር ቤቱን ተወው፣
በሬው አሁንም ይስቃል።»