የተረፈች ፊደል

ሱቄ ከሚስማር ተራ ሥር ናት፤ የደጋፊው እግር ጣሪያዋ፤
ጎል ሲገባ አቧራ ነው፣ ከኮርኒሱ የሚወርድ ዜናዋ።
ኳስ አላይም። እሰማለሁ።
ቁጥርና ስም በካውያ፣ ማሊያ ላይ እለጥፋለሁ።

አንድ የጥቅምት ሰኞ፣ የክለቡ ሰው መጣና፣
«ከኮሞሮስ አጥቂ አስመጣን፣ ከደሴት አገር» አለና፣
በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፣ ስሙን ጽፎ ሰጠኝ፤
ሁለት «ኤም» ጎን ለጎን፤ ብዕሩ የተንተባተበ መሰለኝ።
አንዷን ተውኳት።
ቆርጫት ነበር፤ ከቁልፍ ጣሳዬ ከተትኳት።
ምማዲ ተብሎ የመጣ ሰው፣ ማዲ ሆኖ ሜዳ ገባ፤
ካታንጋ «ማዲ!» አለችው፤ ስም አወጣች በጭብጨባ።

የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር፤ አየር አነሰበት፤
በባሕር ልክ የተሰፋ ሳንባ፣ እዚህ ዳገት ላይ ጠበበበት።
ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ወገቡን ይዞ ሲወድቅ፣
«አጥቂ ነው ወይስ ተጠቂ?» ከማን አንሼ በሳቅ።

ከልምምድ ሲመለስ ይገባል፤ የክር ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤
ቤቱ ከአምባሳደር ጀርባ ነው፤ እኔ ጋ ግን ያመሻል።
አባቴ ምድር ባቡር ሠርቶ፣ በተወልኝ ፈረንሳይኛ፣
ግማሹን በእጅ እናወጋለን፣ የቀረውን በአማርኛ።
«እኛ ዘንድ ኳስ የጠለዘ፣ ዋኝቶ ነው የሚያመጣት፤
ማዕበል የወሰዳት እንደሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያጣት።
ለዚህ ነው እንደ እንቁላል፣ መረብ ውስጥ የማስቀምጣት።»

ሚያዝያ ላይ በደርቢው ቀን (ያየ ነው የነገረኝ)፣ ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ ሳለ፣
በረኛው ጥልዝ ጠብቆ፣ ፊቱን በክንዱ ከለለ፤
ኳሷ ግን በእግሩ መሃል፣ እንደ ሽማግሌ አዘገመች፤
መስመሩን አልፋ፣ ውሃ ላይ፣ መረብ ሳትነካ ቆመች።
በሁለተኛው ዓመት አሥራ አራት አገባ፤ ከኮርኒሴ ላይ ቆጥሬ፤
አሥራ አራት ጊዜ በአቧራ፣ የሻይ ብርጭቆዬን ቀይሬ።

አገሩ ስትጠራው ይሄዳል፤ ሦስት አውሮፕላን ለውጦ፤
አራት ለባዶ ተሸንፎ ይመለሳል፣ ለቅዳሜ ጨዋታ ሮጦ።
«አያሳፍርህም?» ብለው፣ የክር ጥቅልል እያሽከረከረ፣
«እዚያ ስሜን በሙሉ ነው የሚጠሩኝ» ብሎኝ ነበረ።
ያኔ አልገባኝም። መርፌ ተሰብሮብኝ ነበር፤ መርፌ ቀየርኩ።

በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱ።
ኮርኒሱ ጸጥ አለ፤ አቧራ የለም፣ ጩኸት የለም፤
በዚያ ዝምታ ነው ያወቅሁት፤ መጥቶ የነገረኝ የለም።
ፍልውሃ እየተመላለሰ፣ ጉልበቱን ዘፈዘፈ፤
የሁለት ወር ደመወዙ፣ በ«ነገ ና» አለፈ፤
ሌላ አጥቂ መጣ፤ ስሙ ተሰጠኝ፤ ለእኔ ሥራ ነው፤ ተለጠፈ።

ሊሄድ ዋዜማ መጣ። በእጁ አንድ ፌስታል፤
የመጀመሪያዋን ማሊያ አወጣ፤ ቁጥሯ ተላልጦ ይታያል።
«ይህቺን አስተካክልልኝ» አለ።
«እናቴ ማንበብ ትችላለች።»

ጨርቁን ዘረጋሁት። አየሁት።
ሦስት ዓመት በእኔ መቀስ፣ የሌለ ሰው ጎል አገባ፤
እሱ ግን አንድ ቀን ሳይወቅሰኝ፣ ሰላም ብሎኝ እየገባ።

የቁልፍ ጣሳዬን ገለበጥኩ፤ ዚፕ፣ ዝገት፣ የደረቀ ኖራ፤
ከሁሉ ሥር ያቺ «ኤም»፣ ከነአሥራ አራቱ አቧራ።
ካውያ እንቢ አላት፤ ሙጫዋ ደርቋል፤ በመርፌ ሰፋኋት፤ ቦታም የለ፤
ከግራ ትከሻ ስፌት ላይ ወጣች፤ ስሙ ትንሽ አዘነበለ።
«ስንት ነው?» ሲለኝ እጄን አወናጨፍኩ፤ መናገር አቃተኝ፤
አጣጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ከተታት፤ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ማክሰኞ ነበር፤ ከላይ አንድ ሰው እንኳ የለም።
በሩን ስቦ ወጣ።
ከኮርኒሱ ትንሽ አቧራ መጣ።